ወታደር የነበረ አያት ወይ ቅድመ አያት እንዴት ይፈለጋል፡ ለድሬና ለሐረር ልጆች

ድሬዳዋ ወይ ሐረር ያደገ ሰው ዘሩን ቢቆጥር አንድ ወታደር አያጣም። በ1879 ምኒልክ ሐረር ሲገቡ አብሮ የመጣ፣ በተቃራኒው ጨለንቆ ላይ ከሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጋር ሆኖ የምኒልክን ጦር የገጠመ፣ ከራስ መኮንን ጋር አድዋ የዘመተ፣ በ1928 ኦጋዴን የወረደ፣ ኮርያ የሄደ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ በ69 ሚሊሺያ ሆኖ የተላከ፣ ብቻ አንዱ አለ። እና ስለሱ ምን ታውቃለህ ስንባል አብዛኞቻችን ያለን አንድ መስመር ነው፣ ጀግና ነበር ይባላል፣ በቃ። ስሙን በትክክል፣ የት እንደዘመተ፣ የት እንደቀረ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደሞ በየወሩ እየተቀበሩ ነው። ስለዚ ይሄን ነገር አንድ ቀን እሰራዋለሁ እያላችሁ የያዛችሁት ካላችሁ ዘንድሮ ጀምሩት፣ እንዴት እንደሚጀመር የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የት ተዋጋ?" ብሎ ነው። እሱ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ "የማን ወታደር ነበር?" ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት የነበረው ጦር እንደዛሬው ብርጌድና ሻለቃ በቁጥር የተደረደረ አልነበረም፣ ወታደሩ የሚከተለው ሰው ነበረው፣ የሚያበላው፣ መሬት የሚሰጠው፣ ዘመቻ ሲታወጅ የሚጠራው ጌታ። የተራ ወታደር ስም የተጻፈበት መዝገብ ማግኘት ከባድ ነው፣ የጌታው መንገድ ግን ተጽፏል። አያታችሁ የራስ መኮንን ሰው ከነበረና በ1888 ዘምቶ ከሆነ ራስ መኮንን ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ እንደነበሩ፣ ከዛ መቀሌ ላይ ምሽጉን እንደከበቡ፣ የካቲት 23 አድዋ እንደዋሉ ይታወቃል፣ ስለዚ የአያታችሁንም መንገድ ቢያንስ በግምት አገኛችሁት ማለት ነው። ጌታውን ሳታውቁ ግን አድዋ ነበር ማለት ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጌታውን ለማግኘት ሰው የሚረሳው አንድ ጥሩ መንገድ አለ፣ ፉከራው። ድሮ ወታደር ሲፎክር ራሱን የሚጠራው በጌታው ነው፣ የእገሌ አሽከር እያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደሞ የጌታውን ስም ሳይሆን የፈረሱን ስም ነው የሚጠራው። እማማን "አያቴ የት ዘመተ" ብላችሁ ብትጠይቋት አላውቅም ልትል ትችላለች፣ "ሲፎክር ምን ይል ነበር" ስትሏት ግን ቀና ብላ ትቀመጥና ታወርደዋለች፣ ምክንያቱም በልጅነቷ ሰርግ ላይ፣ በዓል ላይ ስትሰማው አድጋለች። የፈረስ ስሞቹን ብታውቁ ጥሩ ነው፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ተፈሪ መኮንን አባ ጠቅል፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል። በፉከራው ውስጥ አባ ነፍሶ ከመጣ ባልቻ ሐረርን የገዙበትን ጊዜ አስቡ፣ ግን ባልቻ ሲዳሞንም ገዝተዋል፣ ስለዚ ሰውየው ከዛ ተነስቶ የመጣም ሊሆን ይችላል። ራስ መኮንን በ1898 ኩሉቢ ላይ አረፉ፣ ከዛ ይልማ መኮንን፣ ከዛ ባልቻ፣ በ1902 ደሞ ተፈሪ ሐረርን ያዙ። ይሄን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፉና ከጎኑ የአያታችሁን ዕድሜ አስቀምጡ፣ ብዙ ነገር እዛው ይጠራል።

አሁን ወደ ጠያቂነቱ እንምጣ። ሽማግሌ ጋር ሄዳችሁ ስልክ ፊቱ ደቅናችሁ "ታሪክ ንገረን" አትበሉ። ታሪክ ሲባል ሰው ሬዲዮ ላይ የሰማውን ነው የሚያወራው፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ጦርነቱ፣ የራሱን ቤት ትቶ። ትንንሽ ነገር ጠይቁ። በቅሎ ነበረው ወይ? በቅሎዋ ምን ሆነች? ስንቁን ማን አዘጋጀለት፣ ማን ተሸከመለት? ሚስቱ አብራው ሄደች ወይስ ቀረች? መርዶውን ማን ይዞ መጣ? ተዝካሩ የት ተደገሰ? ከሱ በኋላ ሚስቱን ማን አገባት? ይሄ የመጨረሻው በተለይ ትልቅ ነው፣ የሞተን ጓደኛ ሚስት ያገባ ወይ ልጁን ያሳደገ ሰው ብዙ ጊዜ አብሮ የዘመተ ነው፣ የሱ ልጆች ቤት ደሞ ሌላ ሳጥን፣ ሌላ ወሬ፣ ሌላ ፎቶ አለ።

ሴቶቹን ቀድማችሁ ጠይቁ። ወንዶቹ ስለ ጥይቱ ነው የሚያወሩት፣ እማማዎቹ ግን ማን ከማን ጋር እንደወጣ፣ በየትኛው በር እንደወጡ፣ ማን በምን ወር እንዳልተመለሰ ያውቃሉ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ካደጉ በሸዋ በር ነው ወይስ በኤረር በር የወጡት ስትሏቸው ራሱ ትዝታው ይከፈትላቸዋል። ሰዓቱንም ምረጡ፣ ድሬ በቀትር ሙቀት ማንንም አትጨቅጭቁ፣ አስር ሰዓት አካባቢ ቡና ሲፈላ ወይ በርጫ ላይ ሞቅ ሲል ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። የሚያወሩበትን ቋንቋ ደሞ አትቀይሩባቸው። ብዙ የኛ አገር ሽማግሌ በኦሮሚኛ ጀምሮ በአማርኛ ቀጥሎ በሐረሪ ወይ በሶማሊኛ የሚጨርስ ነው፣ ለናንተ ብሎ ወደ አማርኛ ሲያሳጥረው ግማሹ ይጠፋል። ይቅዳ፣ በኋላ የሚያስተረጉም ዘመድ አይጠፋም።

ስትቀዱ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሚናገረውን ሰው ስም በድምጻችሁ ተናገሩ፣ ያለበለዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ የማን ድምጽ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። መቅዳቱንም አስፈቅዱ። ሽማግሌው ስህተት ሲናገር አታርሙት፣ ጻፉትና እለፉ። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ነገር በሌላ በኩል ጠይቁ፣ ሁለቴ አንድ ዓይነት የመጣውን ነው የምትይዙት። እና ሁልጊዜ ለዩ፣ ይሄን አባባ በዓይናቸው አይተውታል ወይስ ከአባታቸው ሰምተውት ነው? "አየሁ" እና "ሰማሁ" ማስታወሻችሁ ላይ ለየብቻ ይጻፉ።

አንድ በጣም የሚያምታታ ነገር አለ፣ "ጣልያንን የተዋጋ" የሚለው። የትኛውን ጣልያን? በ1888 ያለውን ወይስ በ1928 የመጣውን? ከአርባ ዓመት ልዩነት ጋር ሁለቱ በየቤቱ ወሬ ውስጥ ተደባልቀዋል፣ ቤተሰብም ደሞ አድዋን ይመርጣል፣ ስሙ ትልቅ ስለሆነ። መለያው በወሬው ውስጥ ያሉት ነገሮች ናቸው። አውሮፕላን፣ መርዝ ጋዝ፣ ታንክ፣ ካሚዮን ከተጠራ 1928 ነው። ሰውየው ሲሞት የነበረውን ዕድሜና የትልቁን ልጁን ልደት አስሉ፣ በ1895 አካባቢ፣ ድሬዳዋ ባቡሩ ደርሶ ስትቆረቆር የተወለደ ሰው አድዋ ሊኖር አይችልም። ጠመንጃውም ይረዳል፣ ውጅግራ ከተባለ የምኒልክ ዘመን ይሸታል፣ ግን ውጅግራ እስከ 28ትም በብዙ ሰው እጅ ስለነበር ብቻውን አይበቃም፣ ከሌላ ነገር ጋር ነው የሚያገለግለው።

አያታችሁ የ1928ቱ ከሆነና ከኛ አካባቢ የዘመተ ከሆነ ወደ ኦጋዴን የመሄዱ ነገር ሰፊ ነው። እዛ ያለውን ማወቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም የሽማግሌዎቹን ወሬ የምታጠሩት በሱ ነው። ጠቡ ወልወል ላይ ኅዳር 26 ቀን 1927 ተጀመረ። የደቡቡን ጦር ይመሩ የነበሩት የሐረርጌው ገዢ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ናቸው፣ ቱርካዊው ዌሂብ ፓሻ አማካሪያቸው ነበር። ጎራሄ ላይ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በጥቅምት 1928 በአውሮፕላን ድብደባ ቆስለው አረፉ፣ እሳቸው ስር የነበሩት ተበትነው ወደ ደገሃቡር ነው የተመለሱት። መጋቢት 20 ቀን 1928 ሐረር ከተማ ራሷ በቦምብ ተደበደበች፣ ሚያዝያ ላይ የግራዚያኒ ጦር ገፋ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 30 ሐረር ተያዘች። ከዛ የተረፈው ግማሹ በጅጅጋ በኩል ወደ እንግሊዝ ሶማሌ፣ ግማሹ ጅቡቲ፣ ግማሹ ኬንያ ተሰደደ፣ ኬንያ የገቡት ኢሲዮሎ እና ታቬታ በሚባሉ ካምፖች ነበሩ፣ ግማሹ ጨርጨር ጫካ ገባ፣ ግማሹ ልብሱን ቀይሮ ቤቱ ገባ። የተማረኩት ውስጥ ሞቃዲሾ አጠገብ ዳናኔ የሚባል እስር ቤት የተወረወሩ ነበሩ። ስለዚ አባባ "ጎራሄ ነበርኩ" ይል ነበር ካሉ ግራዝማች አፈወርቅን ጠይቁ፣ "ዳናኔ" የሚል ቃል ብትሰሙ ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ "ኢሲዮሎ" ካሉ ደሞ ስደተኛ ነበር፣ የምትፈልጉት ወረቀት ሌላ ነው ማለት ነው።

ሌላው የኦጋዴን ግንባር ሰው ሁሉ ሐረሬ አልነበረም። ደጃዝማች መኮንን እንዳልካቸው ከኢሉባቦር፣ ደጃዝማች አበበ ዳምጠው ከጋሞ ጎፋ ጦር ይዘው መጥተዋል። ከነሱ ጋር መጥቶ በዛው ድሬ ወይ ጨርጨር የቀረ ሰው ስላለ ቅድመ አያታችሁ "ከሩቅ የመጣ ነው፣ ዘመድ የለውም" የሚባል ከሆነ እዚህ ላይ አስቡበት።

ወረቀቱ

ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ከሽማግሌው ወሬ ጋር ጎን ለጎን ነው የምትሄዱበት፣ አንዱ ሲጎድል አንዱ ይሞላዋል። የት ይፈለጋል? የእማማ እንጨት ሳጥን ስር፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ፍሬም ጀርባ፣ ዳዊቱ ውስጥ፣ ሙስሊም ቤት ከሆነ ቁርአኑ ወይ ኪታቡ ውስጥ። ዳዊት ባዶ ቦታ ላይ የልጅ ልደት፣ የሞት ቀን፣ አንዳንዴም ዘመቻ የወጣበት ቀን ይጻፋል፣ አገላብጡት ግን ብራና ከሆነ በጥንቃቄ። የዕድር መዝገብ፣ የሰንበቴና የማኅበር መዝገብ ስለ ሞት ቀን ጥሩ ምስክር ነው። ቤተክርስቲያን ስትሄዱ ደሞ የክርስትና ስሙን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፍትሐቱና ተዝካሩ በዛ ስም ነው የሚገኘው፣ ወልደ ሚካኤል ብለው ያነሱትን ሰው እናንተ በቤት ስሙ ብትጠይቁ አይገኝም።

ጣልያን ከወጣ፣ ከ1933 በኋላ የተሰጡ ወረቀቶች አሉ፣ ከነሱ ብዙ ይገኛል። የአርበኛ ሜዳይና የስደተኛ ሜዳይ ከነምስክር ወረቀቱ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ሪባኑን ከነቀለሙ ፎቶ አንሱትና ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። የመሬት ወረቀት፣ ለአርበኛ፣ ለስደተኛና ለወታደር መሬት ይሰጥ ነበር፣ ብዙ ጊዜ በጋሻ፣ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው። የግብር ካርኒ ካለ ወረዳውና ስሙ ከነአባቱ ይገኛል። ችግሩ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ብዙ ሰው የመሬት ወረቀቱን ወይ ጣለው ወይ ፈርቶ አቃጠለው፣ ስለዚ ካገኛችሁ እንደ ወርቅ ያዙት።

ድሬ ላይ ደሞ ጎርፉ አለ። ሐምሌ 1998 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ብዙ ሰው ሲወስድ የቤቱን ወረቀትም አብሮ ነው የወሰደው፣ ከወንዙ ዳርና ዳር የነበሩ ቤቶች ሳጥን አልተረፈም። ቤታችሁ ከነዛ ከሆነ ወረቀቱ ጠፋ ብላችሁ አትቁሙ፣ ቅጂው ሌላ ሰው ጋር ሊኖር ይችላል። ለጡረታ የተላከ፣ ለፍርድ ቤት ውርስ ጉዳይ የቀረበ፣ አዲስ አበባ ላለው አጎት የተሰጠ ኮፒ አለ። የውርስ ክርክር በተለይ፣ ቤተሰብ የተጣላበት ነገር ቢሆንም መዝገቡ ውስጥ የአያት ስም፣ ማዕረግ፣ የሞት ቀን፣ የልጆች ዝርዝር ተሟልቶ ይቀመጣል፣ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ያገኛችሁትን ወረቀት ላስቲክ አታስለብሱ፣ ፕላስተር አትለጥፉ፣ የታጠፈውን በኃይል አትዘርጉ። መስኮት አጠገብ አስቀምጣችሁ ያለ ፍላሽ ከላይ ቀጥ ብላችሁ በስልክ አንሱ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። የፎቶ ጀርባ ላይ የፎቶ ቤቱ ማህተም ካለ ከተማውንና ዘመኑን ይነግራችኋል። ከዛ በቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ፊደሉ አይነበብም።

ዘመኑን ማስላት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የቆየ ደብዳቤ በግዕዝ ቁጥር ነው፣ ፲፱፻፳፰ ማለት 1928 ነው። ድሬ ላይ ግን በባቡሩ ምክንያት ፈረንሳይኛ ወረቀት ሞልቷል፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው፣ የጣልያን ጊዜ ወረቀትም እንደዛው። በፈረንጅ ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ ያለውን ስምንት ዓመት ቀንሱ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ሰባት። ሐረር የተያዘችው በነሱ ሜይ 8 ቀን 1936 ነው፣ በኛ ሚያዝያ 30 ቀን 1928። ሽማግሌ ደሞ ቁጥር አይናገርም፣ "የሕዳር በሽታ ጊዜ" ይላል፣ እሱ 1911 ነው፣ "ሰገሌ የተዋጉ ጊዜ" ይላል፣ ጥቅምት 1909 ነው። ስሙን ፈረንጅ በጻፈው ወረቀት ላይ ስትፈልጉ አጻጻፉን በየዓይነቱ ሞክሩ፣ ጣልያን ወልደን በሱ አፍ እንዳሻው ነው የሚጽፈው፣ ኃይሉን ያለ ሃ ይጽፈዋል። የኛ ስም ደሞ የቤተሰብ ስም የሌለው ስለሆነ ሁልጊዜ ሰውየውን ከነአባቱና ከነአያቱ ስም ያዙ፣ አበበ የሚባል ስንት አለ።

ማዕረጉን ተጠንቀቁ። በየቤቱ ወሬ ውስጥ ማዕረግ በየትውልዱ አንድ ደረጃ እያደገ ነው የሚሄደው፣ ባላምባራስ የነበረው ሰው የልጅ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ፊታውራሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማን ሾመው፣ መቼ፣ የሚለውን ካላገኛችሁ "ይባላል" ብላችሁ ጻፉት። ከ33 በኋላ ያለው ደሞ ሌላ ነው፣ አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል ባሻ ካለ የዘመናዊው ጦር ነው፣ እዛ ላይ የምትፈልጉት ጌታውን ሳይሆን ክፍሉንና የመለያ ቁጥሩን ነው።

ስለማይወራው

ይሄን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ይሄ ይጻፍ የምለው ነው። አምስቱ የጣልያን ዓመታት ውስጥ ከኛው ሰው ለጣልያን ያገለገለ አለ። ባንዳ ይባላል፣ ቤተሰቡ አያወራውም፣ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው "ማነው" ስትሉ "ዘመድ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ታርቡሽ ያደረገ፣ በጣልያን ልብስ የተነሳ፣ የጣልያን ጽሑፍ ያለበት ደብተር ወይ ሜዳይ የተገኘለት ሰው ካለ ይሄ ነው። እና ምን ታደርጋላችሁ? ጻፉት። ቀን፣ ቦታ፣ ማን ስር። አትሸፍኑ፣ አታስውቡ፣ ደሞ ቀርባችሁ ሳታጣሩ አትፍረዱ፣ ምክንያቱም ቀን ለጣልያን እየሰራ ማታ ለአርበኛ ጥይትና ወሬ የሚያቀብል ውስጥ አርበኛ የሚባል ሰው በየከተማው ነበር፣ መጀመሪያ ባንዳ ሆኖ ገብቶ በኋላ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ የገባም ነበር፣ እስከ መጨረሻው ለጣልያን ቆሞ ወገኑን የገደለም ነበር። የናንተው ሰው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በማስረጃ ነው። "ውስጥ አርበኛ ነበር" የሚለውን ደሞ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ከ33 በኋላ ሁሉም ውስጥ አርበኛ ነበርኩ ብሏል፣ ማንን ረዳ፣ የረዳው አርበኛ ቤተሰብ ያውቀዋል ወይ ብላችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከዛ ቀደም ብሎ ያለውም እንደዛው። ከምኒልክና ከራስ መኮንን ጋር መጥቶ ሐረርጌ የሰፈረ ወታደር ደሞዙ መሬትና ገባር ነበር። እናንተ ቤት የመጣው ወሬ ስለ ጀግንነቱና ስለ ደግነቱ ነው፣ የገባሮቹ ልጆች ቤት ያለው ወሬ ግን ሌላ ነው፣ ስንት ቁና እህል እንደወሰደ፣ ማገዶና ሥራ እንዴት እንዳዘዘ። እዛም ሂዱ። በአክብሮት፣ ዘመዳችሁን ለመከላከል ሳይሆን ለመስማት። አንዳንዴ የሰውየውን ስም፣ የፈረሱን መልክ፣ የሰፈረበትን ኮረብታ ከናንተ ዘመድ በላይ በትክክል የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ የሚያስከፋም ነገር ብትሰሙ የሱ ታሪክ ነው። ቅድመ አያታችሁ ከአሚር አብዱላሂ ወገን ከሆነ ደሞ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ጨለንቆ ላይ የሆነውን ከሐረሪ አባቶችና ከአካባቢው ኦሮሞ ሽማግሌዎች ነው የምታገኙት፣ በአማርኛ የተጻፈው የአንድ ወገን ነው።

ኮርያና ከዛ ወዲህ

ኮርያ የዘመተ አያት ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ወረቀቱ አለ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ በባቡር በኛው ድሬ አልፎ ጅቡቲ ወርዶ ነው መርከብ የተሳፈረው፣ ስለዚ ድሬ ላይ ባቡር ጣቢያ ቆመው የሸኙ ሰዎች ትዝታ በየቤቱ ሊገኝ ይችላል። ስሙም ከኛ ነው የሄደው፣ ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ነበር። መጀመሪያ የምታጣሩት ስንተኛው ቃኘው ነበር የሚለውን ነው፣ አንደኛውን ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ሁለተኛውን አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተዋል፣ የአዛዡን ስም ካስታወሱ ዓመቱን አገኛችሁ። ከ6000 በላይ ሰው ነው በየተራ የሄደው፣ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ የተማረከ የለም፣ ስለዚ "ኮርያ ተማርኮ ነበር" የሚል ወሬ ካለ ሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። የዘማቾቹ ማኅበር አዲስ አበባ አለ፣ የሞቱት ስም ደሞ ሶል በሚገኘው የጦርነት መታሰቢያ ተቀርጿል።

ሦስተኛ ክፍለ ጦር የነበረ ሰው ሐረር ሰፍሮ ስለኖረ ጎረቤቱና ጓደኛው እስካሁን አለ፣ መዝገብ ከመፈለግ በፊት እነሱን ጠይቁ። ሐረር ጦር አካዳሚ የተማረ መኮንን ከሆነ የስንተኛ ኮርስ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ የኮርስ ጓደኛሞች አይጠፋፉም፣ አሜሪካ ያለው ድሬ ያለውን ያውቀዋል። የ69 እና የ70ው የሶማሊያ ጦርነት ላይ ያለፈ ከሆነ ቀኖቹን እንደ ማጣሪያ ያዙ፣ ድሬዳዋ የተጠቃችው ነሐሴ 11 ቀን 1969 ነው፣ ጅጅጋ የተያዘችው መስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ፣ ካራማራ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970። መርዶ በደብዳቤ የመጣላቸው ቤቶች አሉ፣ ደብዳቤው ላይ ክፍሉና ቁጥሩ ይኖራል። ከ1983 በኋላ ሰራዊቱ ሲበተን ግን ብዙ ሰው የወታደር መታወቂያውን፣ ፎቶውን ሳይቀር ደበቀ ወይ ቀደደ፣ ስለዚ እናታችሁ "ምንም የለም" ካለች እንደገና ጠይቋት፣ ሰው የደበቀውን ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። የጡረታ ደብተር የቆረጠ ካለ ግን እሱ ቁጥር ነው፣ ጡረታ መስሪያ ቤት ፋይሉን የሚያገኙት በሱ ነው፣ ወራሽ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ከቤት ስትወጡ

ቤቱን ሳትጨርሱ አዲስ አበባ አትሂዱ፣ ስምና ጌታ ሳትይዙ መዝገብ ቤት ብትቀመጡ ቀን ነው የሚያልቀው። ያን ካገኛችሁ በኋላ ሐረር ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የአብደላ ሸሪፍ ሙዚየም ሂዱ፣ የድሮ ፎቶ፣ መሣሪያ፣ ጽሑፍና የተቀዳ ድምጽ አለ፣ የአያታችሁ ሜዳይ ወይ ጎራዴ ምን እንደሆነ ለመለየት ብቻ እንኳን ይጠቅማል። አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቤተመዛግብቱ ወመዘክር፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ለአርበኛ ደሞ የአርበኞች ማኅበር። እንግሊዝ ጦር መጋቢት 17 ቀን 1933 ሐረር ከገባ በኋላ ያለው ዘመን ሎንደን በሚገኘው የነሱ መዝገብ ቤት ውስጥም ስላለ እዛ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ስራ ስጡት። ሐረር ያለው የጦር መካነ መቃብር ግን የእንግሊዝና የአጋሮቹ ወታደሮች ነው፣ የኛን ሰው እዛ አትፈልጉት።

ስትሄዱ ዋናውን ወረቀት ቤት ትታችሁ ኮፒ ያዙ። አንድ ገጽ አዘጋጁ፣ ከላይ ሙሉ ስም ከነአባትና አያት፣ የክርስትና ወይ የሌላ መጠሪያ ስም፣ ጌታው ወይ ክፍሉ፣ ሰፈሩ፣ የሚገመት የልደት ዓመት፣ ዘመቻዎቹ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ፣ "ወረቀት"፣ "እገሌ በዓይኑ አይቶ"፣ "ይባላል"። የማታውቁትን መስመር ባዶ ተዉት፣ በግምት አትሙሉት፣ ምክንያቱም ዛሬ በግምት የጻፋችሁት ነገር የልጆቻችሁ ልጆች ጋር ሲደርስ ማስረጃ ይሆናል። ገጹን ከቅጂዎቹ ጋር ቢያንስ ሦስት ቤት አስቀምጡ፣ አንዱ ድሬ ከሆነ ሌላው ሐረር ወይ አዲስ አበባ ይሁን፣ እና ለነገራችሁ ሽማግሌ ታትሞ ይሰጠው፣ ሲያነቡለት የረሳውን እዛው ያርመዋል፣ እርማቱንም ቅዱት።